«500 ዋት» የሚለው ጽሑፍ ስንት ያወጣል?

ሞጣ ከተማ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ባነርና የቪዲዮ ቅንብር የሚሠራ አንድ ወጣት ነጋዴ አዲስ አበባ ያስገጣጠመውን ኮምፒዩተር በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አቅፎ ነበር የወሰደው። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀን ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ፣ ቢቸናን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ድረስ ከእጁ አላወረደውም። ሱቁ ጠባብ፣ መንገዱም ሩቅ ስለሆነ ትልቅ ሳጥን አልፈለገም። ፕሮሰሰሩን በስሙ ጠርቶ አዟል፤ የግራፊክስ ካርዱን አማርጧል፤ በዲስኩ መጠን ላይ ተከራክሯል። ያልጠየቀው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ «ከኬዙ ጋር አብሮ ይመጣል» ስለተባለ።

በጥር ወር፣ የሠርግ ሥራ በተደራረበበት ሰሞን፣ አንድ ምሽት ጎረቤት ምጣድ ሲጣድ የሱቁ መብራት ደብዘዝ አለ። መልሶ ቦግ ሲል ኮምፒዩተሩ ጧ ብሎ ጠፋ። ባለሙያ ሲፈታው የተቃጠለው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሳጥን ሆኖ ተገኘ። ብቻውንም አልሄደም፤ ማዘርቦርዱን አስከትሏል። በሳጥኑ ጎን ላይ «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ በትልልቁ ተለጥፏል። ወጣቱ ይህን ጽሑፍ እያሳየኝ፣ «ማሽኑ ተደምሮ 250 ዋት አይበላም ተብዬ ነበር፤ ታዲያ 500ው እንዴት አነሰው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የአንድ ሱቅ ብቻ አይደለም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የፎቶግራፍ ስቱዲዮው፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩና የራፖር ጸሐፊው ሥራ ከዚሁ ሳጥን ጋር ተቆራኝቷል። የዕቃው ዋጋም እንደ ቀድሞው አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ቀድሞ በምንዛሪው ስሌት 2,850 ብር ይሆን የነበረ የ50 ዶላር ዕቃ ዛሬ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት ከ5,000 ብር ያልፋል ማለት ነው። ገጣጣሚው ጠቅላላ ዋጋውን ገዢው አቅም ላይ ለማድረስ ከአንድ ቦታ መቀነስ አለበት። ከፕሮሰሰሩ ቢቀንስ ደንበኛው ያውቅበታል። ከሜሞሪውም ቢቀንስ እንዲሁ። ስሙን ማንም የማይጠይቀው ፓወር ሰፕላይ ነውና ቅነሳው እዚያ ላይ ያርፋል።

የቢቸና ጤፍ ገዢ እፍኝ ዘግኖ እፍ ይላል

ለመሆኑ ይህ ገበያ ለምን እንዲህ ሆነ? የጤፍ ነጋዴ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ፣ እፍ ብሎ፣ አፈሩንና ገለባውን ለይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ቅቤ ገዢም እንጨት ሰክቶ ያሸታል። ፓወር ሰፕላይ ግን የታሸገ ብረት ነው። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ካፓሲተሩ ጥሩ ይሁን ተራ፣ የመከላከያ ዑደቱ ይኑር አይኑር ከውጭ አይታይም። ሻጩ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ የሚያውቀው የገዛበትን ዋጋ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ ነገር አብራርቷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው ይኸው ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አማካይ ዋጋ ብቻ ይከፍላል። በዚያ ዋጋ ጥሩውን ይዞ የሚመጣ ሰው ይከስራል፤ ስለዚህ ጥሩው ከገበያ ይወጣል። ትምህርት ቤት ሳለን ይህን በመኪና ነበር ያጠናነው፤ በኮምፒዩተር ሳጥን ያየሁት ግን ሞጣ ሄጄ ነው።

ይሁንና ገዢው ፈጽሞ መሣሪያ የለውም ማለት አይደለም። ሳጥኑን ሳይከፍት ሊያነበው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እሱም ጎኑ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው። ሻጮች የሚያሳዩት ትልቁን ቁጥር ነው፤ እውነቱ ያለው ግን በትናንሾቹ ቁጥሮች ውስጥ ነው።

በእርሳስ የሚሠራ ሒሳብ

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይቀይራል። የዛሬ ኮምፒዩተር ዋና ዋና በላተኞች፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ፣ ኃይላቸውን የሚወስዱት ከ12 ቮልቱ መሥመር ነው። 5 እና 3.3 ቮልቱ ለጥቃቅን ሥራ ነው የቀሩት። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቀው የሚገባው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ሳይሆን «12 ቮልቱ ላይ ስንት አምፔር አለ?» ብሎ ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ዋቱን ይሰጣል።

የሞጣውን የተቃጠለ ሳጥን ሠንጠረዥ አብረን አነበብን። 3.3 ቮልት በ25 አምፔር፣ 5 ቮልት በ28 አምፔር፣ 12 ቮልት በ18 አምፔር ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው 82.5 ዋት፣ ሁለተኛው 140 ዋት፣ ዋናው የ12 ቮልቱ መሥመር ደግሞ 216 ዋት ሆነ። ሦስቱ ቢደመሩ 438.5 ዋት ናቸው። የቀሩት ጥቃቅን መሥመሮች ቢጨመሩ እንኳ 500 አይሞላም። ሳጥኑ ራሱ የጻፈው ቁጥር ራሱ ለጻፈው ርእስ አልደረሰም! በዚያ ላይ ሦስቱን መሥመሮች በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ መጫን አይቻልም።

አሁን የማሽኑን ፍላጎት እንይ። የተገጠመው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ 5 12400 ነው። አምራቹ መደበኛ ፍጆታውን 65 ዋት፣ በከባድ ሥራ ጊዜ ጣሪያውን 117 ዋት ይለዋል። ግራፊክስ ካርዱ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 ሲሆን 75 ዋት ይበላል። ለማዘርቦርዱ፣ ለሜሞሪው፣ ለዲስኩና ለፋኖቹ 45 ዋት ብንይዝ ጠቅላላው 237 ዋት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚቀዳው ከ12 ቮልቱ ነው። ወጣቱ ቪዲዮ አቀናብሮ ፋይል በሚያወጣበት ሰዓት የ12 ቮልቱ መሥመር ከ216 ዋቱ ጣሪያ ሥር ተጣብቆ ነበር የሚሠራው ማለት ነው። «500ው እንዴት አነሰው» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ የነበረው 500 ሳይሆን 216 ነው፤ እሱም ጽሑፉ እውነት ከሆነ።

በአንጻሩ ዛሬ በደንብ የተሠራ ባለ 450 ዋት ሳጥን 12 ቮልቱ ላይ በአብዛኛው 36 አምፔርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ያ 432 ዋት ነው። ትልቁ ቁጥር 50 ዋት አንሶ እያለ ጠቃሚው ቁጥር እጥፍ ሆነ። ለደላላ የምመክረው ነገር ቢኖር ይህችን አንዲት ማባዛት በስልኩ ካልኩሌተር መሥራት ነው፤ ሌላ ምንም ባይማር እንኳ።

ስንት ትርፍ ይያዝ? ከጠቅላላው ፍላጎት ላይ ሲሶ ያህል መጨመር ጥሩ ልማድ ነው። ለደጋ ከተሞቻችን ትንሽ ከፍ ማድረግ አይከፋም። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ከቻይና በሚመጡ አንዳንድ ሳጥኖች ላይ ተራራ የሚመስል ትንሽ ሥዕልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት አለ። ትርጉሙ ከዚያ ከፍታ በታች እንዲሠራ ታስቦ ነው የተመረመረው ማለት ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ በላይ ስለሆነች ምልክቱ ያለበትን ሁሉ ጣሉ አልልም፤ ግን እስከ ጫፍ አትጫኑት።

የምጣድ ሰዓት

ዓባይ ጎጃምን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ቢቸናም ሞጣም የሚገኙት በዚሁ ቀለበት ውስጥ ነው። በወንዙ ላይ የተሠራው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ታዲያ አንባቢ «ኃይል ካለ ሱቄ ውስጥ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማከፋፈል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሱቁ መከራ የሚጀምረው ከሠፈሩ ትራንስፎርመር በኋላ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤትና በየጓሮው የኤሌክትሪክ ምጣድ ተንጠልጥለዋል። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ከላይ የቆጠርነውን ኮምፒዩተር አሥር ጊዜ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሠፈሩ በአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግር በመሥመሩ ጫፍ ያለው ሱቅ 220 የሚባለውን ቮልት አያገኝም። ምጣዱ ሲነሣ ደግሞ ቮልቱ ተመልሶ ይዘላል። የክረምቱ መብረቅ ሲጨመርበት ሳጥኑ የሚችለው ፈተና ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ከሠንጠረዡ ሌላ መሥመር ማንበብ ያስፈልጋል፤ መግቢያ ቮልት የሚለውን። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ ሳጥኑ ቮልቱ ወደ 180 ወይም ወደ 160 ቢወርድም ሥራውን ይቀጥላል። «ከ200 እስከ 240» የሚል ከሆነ ግን በምጣድ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ከኋላው ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ያለበት፣ 115 እና 230 የሚል የድሮ ዓይነት ከሆነ ከናካቴው ባይገዛ ይመረጣል። አሜሪካ ካለ ዘመድ የተላከ እንዲህ ያለ ሳጥን መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ ሞጣ ላይ ቢሰካ ድምፁ ጎረቤት ይጠራል።

«ዩ.ፒ.ኤስ. ገዝቻለሁ፣ ምን ቸገረኝ» የሚሉም አሉ። ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ እዚያም ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ያሳስታል። «650» የሚለው ቮልት አምፔር እንጂ ዋት አይደለም፤ ባለ 650 ዩ.ፒ.ኤስ. ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው 360 ዋት ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። መብራት ሲቋረጥ ዩ.ፒ.ኤስ. ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በተለመዱት ዓይነቶች ከ4 እስከ 10 ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ኮምፒዩተሩን በሕይወት የሚያቆየው ፓወር ሰፕላዩ በካፓሲተሩ ያጠራቀመው ኃይል ነው። የኢንቴል ኤ.ቲ.ኤክስ. መመሪያ ለረጅም ዓመታት ሲጠይቅ የቆየው ሳጥኑ ሙሉ ጭነት ይዞ ቢያንስ 16 ሚሊ ሰከንድ እንዲታገሥ ነው። አምራቹ ወጪ ለመቀነስ ካፓሲተሩን ካሳነሰው ትዕግሥቱ ዩ.ፒ.ኤሱ እስኪነሣ አይበቃም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣል። ሰውየው ዩ.ፒ.ኤሱን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን ከኬዙ ውስጥ ነው።

ሌላም መጣጣም ያለበት ነገር አለ። የተሻሉት ሳጥኖች ከመሥመሩ የሚስቡትን ኃይል የሚያስተካክል ዑደት አላቸው። ርካሽ ዩ.ፒ.ኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው እንጂ የመብራት ኃይል ዓይነት ለስላሳ ሞገድ ስላልሆነ፣ ሁለቱ አንዳንዴ አይስማሙም። ስለዚህ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ኮምፒዩተሩን ሰክቶ፣ ከባድ ሥራ አስጀምሮ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ መሞከር ይኖርበታል። ሱቁ አልፈቅድም ካለ ሌላ ሱቅ አለ። የኬዙ ብረት ሲነካ እጅ ቆንጠጥ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ምድር ሽቦ የለውም ማለት ነው፤ ያንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ማሠራት ከሁሉም ይቀድማል።

ትንሽ ሳጥን፣ ጠባብ ገበያ

የትንሽ ኮምፒዩተር ፈላጊ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። የተለመደው የኤ.ቲ.ኤክስ. ሳጥን ስፋቱ 150፣ ቁመቱ 86፣ ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ 140 ሚሊ ሜትር ነው። ለትንንሽ ኬዞች የሚሠራው ኤስ.ኤፍ.ኤክስ. የሚባለው ግን 125 በ63.5 በ100 ነው። በጥራት ሲሠራ ድንቅ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን ከአቻው ትልቅ ሳጥን ይበልጣል፤ የሚያመጣው ነጋዴም ጥቂት ነው።

በእኔ አስተያየት ለቢቸናና ለሞጣ ሱቅ ኤስ.ኤፍ.ኤክስ. አይመከርም። ምክንያቱም የመኪና ነጋዴ የሚያውቀው ነው። አገራችን ውስጥ ቶዮታና አይሱዙ የሚወደዱት ከሌላው ስለሚያምሩ አይደለም፤ መለዋወጫቸው የትም ስለሚገኝ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገዱ ብዙ ጊዜ ተቋርጧል። ዕቃ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ልኮ ማስለወጥ የሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተለመደውን ሙሉ መጠን ፓወር ሰፕላይ የሚቀበል አነስ ያለ ኬዝ መምረጥ ይሻላል። ጥቂት ጣት ቦታ ይወስዳል፤ በችግር ቀን ግን ከጎረቤት የተበላሸ ኮምፒዩተር ላይ ተፈትቶ የሚገጠም ሳጥን ይገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ገመዶቻቸው ተነቃይ የሆኑ ሳጥኖች ሲለዋወጡ የአንዱን ገመድ በሌላው ላይ መሰካት አይፈቀድም። ቀዳዳው ቢገጥምም የሽቦው አቀማመጥ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ዲስክ ያቃጥላል።

ቢቸና ያገኘኋቸው አንድ አረጋዊ ራፖር ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ ሐተታ በኋላ ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ የምጽፈው ማመልከቻ ነው፤ ሲኒማ አልሠራ! ለእኔ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግራፊክስ ካርድ ለማያስፈልገው ሰው ማስገጣጠም ራሱ ትርፍ ወጪ ነው። እሳቸው የያዙት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፤ በጎኑ የተጻፈው 240 ዋት ብቻ ቢሆንም 240ው እውነተኛ ነው። ከሞጣው «500» ይልቅ ብዙ ይሸከማል። ድክመቱ፣ ብዙዎቹ የዴልና የኤች.ፒ. ትንንሽ ማሽኖች ሳጥናቸው የራሱ ቅርጽ ያለው፣ አንዳንዶቹም የራሳቸው ሶኬት ያላቸው መሆኑ ነው፤ ሲበላሽ የሚተካው በዚያው ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ማሽኑን ሲገዛ ከተመሳሳይ ሞዴል የወጣ አንድ ትርፍ ሳጥን አብሮ ቢይዝ ብልህነት ነው። እሳቸውን «ጋሼ፣ ትርፍ ይዘዋል?» ብላቸው ወደ መደርደሪያው ላይኛው ክፍል በአገጫቸው ጠቆሙኝ፤ ሁለት ተቀምጠዋል።

ወርቅ ወይስ ነሐስ?

በተሻሉት ሳጥኖች ላይ «80 ፕላስ» የሚል ምልክት አለ። ፕሮግራሙ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ሳጥኑ ከግድግዳው ከሚስበው ኃይል ስንት በመቶው ለኮምፒዩተሩ እንደሚደርስ ይመዝናል። በ115 ቮልት ፈተና በግማሽ ጭነት ብሮንዝ 85 በመቶ፣ ጎልድ 90 በመቶ ማለፍ አለበት። ነጋዴዎች ጎልዱን ሲሸጡ «የመብራት ሒሳብ ይቀንስልዎታል» ይላሉ። እናስላው። ማሽኑ በአማካይ 120 ዋት ቢበላ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ 70 በመቶ ብቻ የሚያደርስ ተራ ሳጥን ከግድግዳው 171 ዋት ይስባል፤ 85 በመቶ የሚያደርሰው 141 ዋት። ልዩነቱ በዓመት 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ቢሆንም ይህች ቁጠባ የሳጥኑን የዋጋ ልዩነት በቶሎ አትመልስም። ከብሮንዝ ወደ ጎልድ የሚደረገው ዝላይ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይቆጥባል።

ታዲያ ምልክቱ ለምን ይፈለጋል? ለሙቀቱ ነው። ተራው ሳጥን 51 ዋት በራሱ ሆድ ውስጥ ሙቀት አድርጎ ያስቀራል፤ ብሮንዙ 21 ዋት። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ መሐንዲሶች ይናገራሉ። በጠባብ ኬዝ፣ በሣሣ አየር፣ የገበያ አቧራ በሚጠጣ ፋን ይህ ልዩነት ዓመታትን ይወስናል። ለሞጣ ሱቅ ብሮንዝ ይበቃል ባይ ነኝ፤ የተረፈው ገንዘብ ለዩ.ፒ.ኤሱ ይሁን። ምልክቱ ራሱ በሐሰት ሊለጠፍ ስለሚችል ግን ፕሮግራሙ በይፋ ከሚያወጣው የሞዴሎች ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይገባል። ዝርዝሩን በኢንተርኔት የሚያይ ልጅ ሞጣም ቢቸናም አይጠፋም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለስሌት እንዲመቸን በተራውና በጥሩው ሳጥን መካከል ያለው ልዩነት 4,000 ብር ነው እንበል። ሱቁ በቀን 1,500 ብር የተጣራ ገቢ ያገኛል፤ ሳጥኑ ቢቃጠል ምትክ እስኪመጣ 5 ቀን ይዘጋል፤ ምትኩም 3,000 ብር ያወጣል። ጉዳቱ 10,500 ብር ሆነ። በዚህ ብቻ ቢታይ 4,000 ብሩን መጨመር የሚያዋጣው ተራው ሳጥን ከጥሩው ይልቅ የመቃጠል ዕድሉ ቢያንስ በ38 በመቶ ከበለጠ ነው፤ ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን በጥሩ ሳጥን ውስጥ ትርፍ ቮልትና አጭር ዑደት ሲመጣ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ አለ፤ ሲሞት ብቻውን ይሞታል። ተራው 30,000 ብር የሚያወጣ ማዘርቦርድና ካርድ ይዞ ቢሄድ ጉዳቱ 40,500 ብር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ከአሥር አንድ የሚሆን የዕድል ልዩነት እንኳ 4,000 ብሩን ያስከፍላል። አንባቢ የራሱን ሱቅ ቁጥሮች ተክቶ ያስላው። ጥር ላይ የሚያሰላና ሐምሌ ላይ የሚያሰላ የካርድ አታሚ አንድ መልስ አያገኙም። ሠርጉ ደርሶ ጥሪው ያልታተመለት ደንበኛ ለጎረቤቱ የሚናገረውን ደግሞ እኔ በብር መተመን አልቻልኩም።

የመንገዱ ርቀት በዋስትናው ዋጋ ላይም ይገባል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በወረቀት ላይ ገዢን ለመጠበቅ የቆመ ነው። ያለ ደረሰኝ ለገዛ ሰው ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም። የሞጣው ወጣት ደረሰኝ አልነበረውም። ቢኖረውም የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱና የሆቴሉ ወጪ ከሳጥኑ ዋጋ ይበልጥበት ነበር። ስለዚህ ለክፍለ ሀገር ገዢ «የአንድ ዓመት ዋስትና» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባው የሚሰጠውን ያህል አይሰጥም፤ ዋጋ ሲከራከር ይህንኑ አንሥቶ ቢያስቀንስ ወይም በምትኩ ትርፍ ሳጥን ቢጠይቅ ያምርበታል።

ወጣቱ ሁለተኛውን ግዢ ከሞጣ ሳይንቀሳቀስ በስልክ ነው የጀመረው። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ «500 አለ፣ 600 አለ፣ 700ም አለ፣ የቱን ልላክልህ?» አለው።

«እሱን ተወው» አለ ወጣቱ፤ «12 ቮልቱ ስንት አምፔር ነው? መግቢያውስ ከ100 ይጀምራል ወይስ ከ200? የሠንጠረዡን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝና ገንዘቡን አስገባለሁ።»

በወዲያኛው በኩል ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያም ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ቆይማ» አለ ሻጩ፣ «ከካርቶኑ አውጥቼ ልየው።»